ሙቀት የሚያየው ዓይንና የዳልቻ ቆዳ

በአንድ ወቅት፣ ሐይቁ ሲሸሽ ሣር በሚተካበት ሜዳማ አገር፣ ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ሀብታቸው ሦስት ከብት ነው፤ ሁለቱን ላሞች ባላቸው ሲሞቱ ትተውላቸዋል። አንደኛዋ ጠይሜ የምትባል ጥቁር ላም፣ ሁለተኛዋ ዳልቻ የምትባል ግራጫ ላም፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ዛጎል የምትባል የዳልቻ ልጅ፣ ነጠብጣብ ያለባት ጊደር። ወይዘሮ ዘነቡ ያለ እነዚህ ከብቶች ምንም እንዳልሆኑ ያውቁታል። ባለከብት ስለሆኑ ሰው ይጠይቃቸዋል፣ ባለከብት ስለሆኑ በማኅበር ላይ ወንበር ይለቀቅላቸዋል። ከብቱ ካለቀ ማን በራቸውን እንደሚያንኳኳ እያሰቡ ብዙ ጊዜ ይጨነቁ ነበር። ደግ ሴት ናቸው። ግን ብቻውን የሚኖር ሰው ጥርጣሬ ይበዛበታል፤ እሳቸውም ከዚህ አላመለጡም።

በዚያ አገር ጉልበት የሌለው ባለከብት ከብቱን ለባለጉልበት በርቢ ይሰጣል። አርቢው ይጠብቃል፣ ያበላል፣ ወተቱን ይጠጣል፤ የሚወለደውን ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል። ከብቱ ቢሞት ደግሞ አርቢው ቆዳውን ከነጆሮው ገፍፎ፣ ምልክቱን ለባለቤቱ ወስዶ ያሳያል። ቆዳ ያላሳየ አርቢ ሸጦ በልቷል ነው የሚባለው። ሽማግሌ እንኳ አይቀመጥለትም። ይህ ልማድ ስንት ጠብ እንዳስቀረ ፈጣሪ ይወቀው። ሰው ይገድላል ብሎ ያሰበ ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ አልነበረም።

የወይዘሮ ዘነቡን ከብቶች በርቢ የያዙት በሐይቁ ዳር ካለው ረግረግ ማዶ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት እህትና ወንድማማቾች ነበሩ። ዛጎልም በእነሱ በረት ስለተወለደች ግማሿ የእነሱ ነበረች። ታላቁ እንየው በከተማ ተምሮ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ የተመለሰ፣ ዝምተኛ፣ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው ነው። መካከለኛዋ ማንጠግቦሽ ከባሏ ተፋታ ወንድሞቿ ዘንድ የገባች፣ እጇ ሥራ የማይፈራ፣ አፏም ሰው የማይፈራ ሴት ናት። ታናሹ ዓለምነው ቃል ከሰጠ በዝናብም ቢሆን የሚሄድ፣ ስሙ በሐሰት ከሚነሳ ቢሞት የሚመርጥ ሰው ነበር። ሚስቱ ስንዱ በዚያ ወራት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች።

በዚያ ዓመት ሐይቁ ከወትሮው አልፎ ሸሸ። ከብቱ በአያቶች ዘመን የሞተ ከብት የተቀበረበትን ጭቃ ሳይቀር ይግጥ ጀመር። ከዚያ አባ ሰንጋ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ማታ ደህና የገባው በሬ ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ፣ ካፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም እየወጣ ይገኛል። የፈሰሰው ደም መሬቱን ይመርዘዋል፤ መሬቱ ደግሞ ቀጣዩን ከብት ይገድላል። ሬሳውን የሚበልትን ሰውም አይምርም።

እንየው አንድ መሣሪያ ነበረው። ከተማ ያለው ቢሮ ለሙከራ ብሎ የሰጠው የሙቀት ካሜራ ነው። እጀታ አለው፣ ከመዳፍ የማይበልጥ መስኮት አለው። የሚያሳየው መልክን ሳይሆን ሙቀትን ነው። የቀዘቀዘ ነገር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ የሞቀው ቀይ፣ የጋለው ነጭ። ከብት ሲያተኩሰው በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቆዳ ቀድሞ ይግላል፤ በዚያን ሰዓት ከብቱ ገና ሣሩን እየጋጠ ነው፣ ባለቤቱም ምንም አያውቅም። መሣሪያውን ሲሰጡት አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውታል፤ ፀሐይ ሳይወጣ እንዲያይበት። ፀሐይ የመታው ቆዳ ያታልላል፤ በተለይ ጥቁሩ።

በመጀመሪያ ሰው ሳቀበት። ያመሰኳ የነበረውን የራሳቸውን በሬ አይቶ ታሟል ሲል፣ ጎረቤቶቹ በሬው ካንተ ይሻላል እያሉ ቀለዱበት። በሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። መንደሩ ሁሉ እንየው ሆይ፣ ወደ እኔ በረት ና፣ ወደ እኔ በረት ና ይል ጀመር። ገና መጋል የጀመረውን ከብት በያዛት ጥቂት መድኃኒት እየወጋ ያተርፋል። ከዚያ ያለፈውን ይተዋል፤ መድኃኒቱ ለሁሉ አይበቃም፣ ክትባቱም ከከተማ ገና አልመጣም።

ማንጠግቦሽም ሥራዋን ያዘች። ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ የሞተውን ከብት ሳይበለት፣ ጠብታ ደም ሳይፈስ እየጎተተች ትከታለች፣ ኖራ ትነሰንስበታለች፣ አፈር ትመልስበታለች። የራሷን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም። ሰዎች ሥጋው ይቅር፣ ቆዳውን እንኳ እንግፈፍ ብለው ሲለምኗት ዶማዋን አንስታ ትቆምባቸው ነበር። እሷ ባትኖር መንደሩ ከብት ብቻ ሳይሆን ሰውም ይቀብር ነበር፤ ይህን የካደ የለም።

አንድ ቀን እንየው ከንጋት ጀምሮ የሰው በረት ሲያይ ዋለ። ከራሱ ግቢ ቢጀምር ማንም ባልነቀፈው። ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። መሣሪያውን የያዘ ሰው ከራሱ በረት ከጀመረ ምን ይሉታል? ስለዚህ የራሱን መጨረሻ አደረገ። ግቢው ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ጠይሜ ሜዳው ላይ ቆማለች። ካሜራውን ሲያነጣጥርባት ከቀንዷ እስከ ጭራዋ ነጭ ሆና ወጣች።

እንየው ተጠራጠረ። ነገ ጠዋት ልድገመው አለ። ማንጠግቦሽ ግን የዚያን ሰሞን ብዙ ደም አይታለች። «ነገ ደሟ ሜዳው ላይ ከፈሰሰ በኋላ ነው የምትደግመው?» አለችው። ዝም አለ። የዚያን ዕለት ዝም ባይል ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

ማንጠግቦሽ ጨው ይዛ ጠይሜን ጠራቻት። ጠይሜ ጨዉን እየላሰች እስከ ጉድጓዱ አፋፍ ተከተለቻት። በመጥረቢያው ጀርባ ግንባሯን መታቻት፤ ደም እንዳይፈስ። ከነቆዳዋ፣ ከነጆሮ ምልክቷ ኖራ አልብሳ ቀበረቻት። ያን ማታ እራት ሳትበላ እንደተኛች ስንዱ በኋላ ተናግራለች።

በማግስቱ እንየው ፀሐይ ሳይወጣ የጎረቤቱን ጥቁር ላም አየ። ትናንት ቀትር ላይ ነጭ ሆና የወጣች ላም ናት። አሁን ዓይኗ ዙሪያ ቀዝቅዟል፣ ጤነኛ ናት። እዚያው በረት ውስጥ ቁጭ አለ። የጋለው የጠይሜ ቆዳ እንጂ ጠይሜ እንዳልነበረች ገባው። ሊደብቀው ይችል ነበር። ከሱ በቀር መሣሪያውን ማንበብ የሚችል ማን አለ? እሱ ግን ተነስቶ ለእህቱም፣ ለወንድሙም፣ ለመንደሩም ተሳስቻለሁ፣ ጤነኛ ላም አስገድያለሁ ብሎ ተናገረ።

ወሬው ረግረጉን ሲሻገር መልኩን ቀየረ። ወይዘሮ ዘነቡ ጆሮ ሲደርስ ጤነኛዋን ጠይሜን አርደው በሏት ሆነ፤ እስኪመሽ ደግሞ ሸጧት ሆነ። ሴትየዋ አለቀሱ። ጠይሜን ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጃቸው ያሳደጓት ናት። እንየው እውነቱን ሊነግራቸው በእግሩ ሄደ። ደጃፍ ላይ አስቁመው ሰሙት። በሽታ የያዘው ከብት ቆዳ መገፈፍ እንደሌለበት ሲነግራቸው፣ ሙቀቱን የሚያየውን መሣሪያ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ አዩት።

«ጠይሜንም ያሳመማት ይኸው ዕቃህ ነው» አሉት።

ቀጥለውም ያለፈው አልፏል፣ ከእንግዲህ ግን ከብቴ ሞተ ካላችሁ ቆዳውን ልይ፤ ቆዳ ከሌለ የቀረውን ከብቴን ወደ ቤቴ ንዱልኝ ብለው አሰናበቱት። ልማዱ የሚፈቅድላቸውን ነው የጠየቁት። ከዚያ ቃል አንዲት ፊደል አልጨመሩም። ከእህትና ወንድማማቾቹ ግቢ ወደ እሳቸው ቤት የሚያስኬደው መንገድ ግን በረግረጉ ዳር፣ ከብት በወደቀበት ሣር መሀል ነው የሚያልፈው። በዚያ የተነዳ ከብት ይግጣል፤ የጋጠ ይሞታል።

ከዚያ በኋላ በነበረው ንጋት እንየው ከራሱ በረት ጀመረ። ዳልቻ ዓይኗ ዙሪያ ነጭ ሆናለች። ልጇ ዛጎል ደግሞ ገና መቅላት ጀምራለች። ሁለቱም ያመሰኳሉ። መድኃኒቱ ተሟጦ አንዲት ብልቃጥ ቀርታለች፤ የምትበቃው ለአንዷ ነው። ካሜራውን ደጋግሞ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት አዞረ። ከዚያ የምትተርፈውን መርጦ ዛጎልን ወጋት። ዳልቻ ቀና ብላ አየችው፤ ሣሯን ቀጠለች።

ማንጠግቦሽ የዚያኑ ጠዋት ዛጎልን ይዛ ከሜዳው በላይ ወዳለው ድንጋያማ ጉብታ ወጣች። እዚያ ያለው ሣር ትንሽ ነው፣ መሬቱ ግን ንጹሕ ነው። እንየው ጊደሯ እስክትድን ወደ ሜዳው እንዳትወርድ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከረግረጉ እንዳትጠጣ አስጠነቀቃት። ማንጠግቦሽ በጀርባዋ ውሃ ተሸክማ፣ ከድንጋይ መሀል ሣር በማጭድ እየለቀመች፣ ሌት ከቀን ከጊደሯ ሳትለይ ሰነበተች። ገመዱን ለአፍታ ብትለቅ ጊደሯ ሽታውን ተከትላ ወደ ውሃው መውረዷ ነው።

ቀትር ላይ ዳልቻ ወደቀች። እንየው ወደ ሌላ በረት ተጠርቶ ነበርና ሳትበለት እንድትቀበር ለዓለምነው አደራ ብሎ ሄደ። ዓለምነው ጉድጓዱን ቆፈረ። ቆፍሮ ሲጨርስ ወደ ቤት ገብቶ ቢላዋ ይዞ ወጣ።

ስንዱ በሩ ላይ ቆመችበት። ወንድምህ ያለውን አልሰማህም ወይ ብላ ለመነችው።

«ሰምቻለሁ» አላት። «ቆዳ ካልወሰድኩ ዛጎልን ንዱልኝ ይላሉ። በዚያ መንገድ ከተነዳች አለቀላት። እኛም ሌባ ተብለን እንቀራለን፤ የሚወለደውም የሌባ ልጅ ይባላል።»

ስንዱ ብዙ ከተከራከረችው በኋላ ሁለት ፌስታል አምጥታ በገዛ እጇ እጆቹ ላይ አሰረችለት። ይህን ለማንም እንዳትናገር አስማላት። ማለችለት። እንግዲህ በዚህም ፍረዱ።

ዓለምነው ዳልቻን ገፈፋት። ቀኝ እጁ ላይ ያለው ፌስታል የጎድን አጥንቷ ላይ ተቀደደ፤ ክንዱ ላይ ትንሽ ጭረት ወጣበት። ሬሳውን ቀበረ፣ ደም የነካውን አፈር ኖራ አለበሰው፣ ቆዳውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ረግረጉን ዞረ።

ወይዘሮ ዘነቡ ድምፁን ሰምተው ወጡ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አገኙት። ግባ ቢሉት አልገባም።

«እትዬ፣ አይጠጉ። ከዚያው ሆነው ይዩ» አላቸው።

ቆዳውን ፈታና በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ዘረጋላቸው። ግራጫ ነው። ግራ ጆሮዋ ላይ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የሰነጠቁት ምልክት አለ። ወይዘሮ ዘነቡ ምልክቱን ሲያዩ ከላሟ ይልቅ ባላቸው ትዝ አሏቸው፤ እንባቸው መጣ። ከዚያ ስለ ጠይሜ ጠየቁት። ዓለምነው ተሳስተን ገደልናት እንጂ አልበላናትም፣ አልሸጥናትም አላቸው። የዚህን ልጅ ዓይን አይቶ የማያምን ሰው አልነበረም። አመኑት። ዛጎል ካለችበት አትነቃነቅ ብለው ቃላቸውን ሰጡት።

የሚበላ ሊያቀርቡለት ፈለጉ፤ እጄ ንጹሕ አይደለም ብሎ እምቢ አለ። የተቀደደውን ፌስታል አዩት። ክንዱ ላይ ያለውንም ጭረት አዩት፤ የቢላዋ ይሆናል ብለው አለፉት። ቆዳውን መልሶ ጠቅልሎ ሄደ፤ ከሬሳው ጋር ቀበረው። ወይዘሮ ዘነቡ ያን ዕለት ከስንት ቀን በኋላ ልባቸው አርፎ ተኙ። አሁን ያንን እንቅልፍ ሲያስቡት ራሳቸውን ይጠላሉ።

የበሽታው ደም ያለባት ዳልቻ ተገፈፈች፤ ጤነኛዋ ጠይሜ ከነቆዳዋ ተቀበረች። የተገፈፈችው ጠይሜ ብትሆን ኖሮ ማንም ባልሞተ ነበር።

ዓለምነው ክንድ ላይ መጀመሪያ የወጣው ትንኝ የነከሰው የሚመስል እብጠት ነው። ከዚያ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ መሀሉ ጠቆረ። ስለማያመው ናቀው። እጅጌውን እስከ አንጓው እያወረደ ሥራውን ይሠራል። ስንዱ ለእንየው እንንገረው ስትለው መሐላዋን ያስታውሳታል። እንየው በየንጋቱ የመንደሩን ከብት ዓይን አንድ በአንድ ያያል፤ ማታ ከወንድሙ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። ወደ ወንድሙ ግን አላየም።

አንድ ማለዳ ካሜራውን ከፍቶ ከቤት ሲወጣ ዓለምነው ባልዲ ይዞ በፊቱ አለፈ። በመስኮቱ ውስጥ ፊቱ ነጭ ነበር። ቀኝ ክንዱ ከአንጓው እስከ ትከሻው ነጭ ነበር።

«እጅጌህን ሰብስብ» አለው።

ዓለምነው ባልዲውን አስቀመጠና ሰበሰበ። ክንዱ አብጦ እብጠቱ አንገቱ ድረስ ደርሷል። እንየው መሣሪያውን መሬት ላይ ጣለው። በቃሬዛ ተሸክመውት ረግረጉን ዞረው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ባለሙያዎቹ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ በሽታው ግን ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። እዚያው ሞተ። ሲሞት ያለው ነገር የለም፤ መናገር አይችልም ነበር።

ማንጠግቦሽ ልቅሶውን ከጉብታው ላይ ሆና ሰማች። ሰው ልከው ነይ፣ ወንድምሽን ቅበሪ አሏት። የመጣው መልእክተኛ ጊደሯን ልያዝልሽ ሊላት አልደፈረም፤ በዚያ ሰሞን የታመመ ከብት ገመድ የሚጨብጥ ሰው አልነበረም። እሷም አልወረደችም። ሣጥኑ በሜዳው መሀል ሲያልፍ ቆማ አየችው። ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ ስታለቅስ መልእክተኛው ትቷት ተመለሰ። መንደሩ ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ሁለት ነው። ግማሹ ከወንድሟ ጊደር የመረጠች ይላታል። ግማሹ ደግሞ ወንድሟ የሞተላትን ነገር የጠበቀች እሷ ብቻ ናት ይላል።

ክረምቱ ገባ። ክትባቱ መጣ፣ ዝናቡ ሜዳውን አጠበው፣ በሽታው አለፈ። ከእህትና ወንድማማቾቹ በረት የተረፈች ዛጎል ብቻ ናት። ግቢውም ግቢ መሆኑ ቀረ። ማንጠግቦሽ ከእንየው ጋር ከአንድ ትሪ አትበላም፤ ጠይሜን በእኔ እጅ ገደልክ ትለዋለች። እንየው ስንዱን ቀና ብሎ አያይም፤ ብትነግረኝ ኖሮ አድነው ነበር የሚለው ነገር ከልቡ አልወጣም። ስንዱም ለመውለድ ወደ አባቷ አገር ልትሄድ ጓዟን ጠቅልላለች፤ ወደዚያ ግቢ አትመለስም። ስለዚህ ጊደሯን በጋራ ያዙ ብሎ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አልተገኘም።

ወይዘሮ ዘነቡ ረግረጉን በዱላ እየተደገፉ ተሻገሩ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ከብት በስሜ ከእንግዲህ አይኑር አሉ። የኔ ግማሽ፣ የነሱ ግማሽ የሚባለው ይቅር፤ ዛጎልን ሙሉዋን ለሚገባው ልሰጥ ነው የመጣሁት አሉ። አንዳንዱ ሰው እርስዎስ በምን ይኖራሉ ብሎ ተቃወማቸው፤ እውነቱን ነው፣ ከዛጎል በኋላ ባዶ ቤት ነው የሚጠብቃቸው። አልሰሙትም። ለማን እንደሚሰጡ ግን መንገዱን ሙሉ ሲያስቡ መጥተው አላወቁትም። ማንጠግቦሽ ጊደሯን ከጉብታው አወረደቻትና ገመዱን እጃቸው ላይ አኖረችው። ዛጎል ወፍራለች፣ ጠጉሯ ያበራል። ያ ሁሉ ሞት ያለፈባት አትመስልም።

ሴትየዋ ዛጎል ለምን እንደምትገባቸው ሦስቱን አንድ በአንድ ጠየቋቸው።

እንየው ለእኔ ትገባኛለች አላለም፤ አትገባኝምም አላለም። ሕመሟ ሳይታይ መታመሟን ያየሁ እኔ ነኝ፣ የመጨረሻውንም መድኃኒት ለሷ ሰጥቻለሁ፣ እኔ ባላይ ከእናቷ ጋር ተቀብራ ነበር አለ። መንደሩ እንደገና ከብት ሊያረባ ከሆነ ከዚህች ጊደር ነው የሚጀመረው፣ በየንጋቱ የሚያያት ሰው ዘንድ ትሁን አለ። ከዚያ ጨመረበት።

«ጠይሜንም ያየሁ እኔ ነኝ። ወንድሜን ያላየሁም እኔ ነኝ። ይህንንም ይቁጠሩብኝ።»

ማንጠግቦሽ ቤት እንደሌላት፣ በወንድሞቿ ግቢ በእንግድነት እንደኖረች፣ ያም ግቢ አሁን እንደፈረሰ ሁሉም ያውቃል። ዛጎል ካለቻት በራሷ ጎጆ ልትቆም ትችላለች፤ ካጣቻት የሰው ቤት አገልጋይ ትሆናለች። ይህን ግን አላነሳችም። እጇን ዘረጋች። ገመዱ መዳፏን በልቶት ቁስሉ ደርቋል።

«ሁላችሁም ወንድሜን ቀብራችኋል። እኔ አልቀበርኩትም» አለች።

ስንዱ ሆዷን ይዛ እየተጎተተች ተነሳች። ባሏ ቆዳውን ባይወስድ ዛጎል በዚያው ሳምንት በረግረጉ ዳር ተነድታ ሞታ ነበር፤ ይህን ወይዘሮ ዘነቡ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ባሏ እንዳትናገር አስማላት፤ እሷም ዝም አለች፤ ዝም ባትል ምናልባት ዛሬ ከጎኗ ይቆም ነበር። ይህን ደግሞ እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች።

«እትዬ፣ እኔ ስለ ጊደሯ አልጣላም» አለች። «ግን ልጄ አድጎ አባቴ በምን ሞተ ሲለኝ፣ ለማያምኑት ሰው እውነት ሊያሳይ ነው እለዋለሁ። ያኔ፣ ሴትየዋስ ካመኑት በኋላ ምን አደረጉ? ይለኛል።»

ወይዘሮ ዘነቡ ገመዱን ጨብጠው ከሦስቱ መሀል ቆሙ። ለእንየው ቢሰጡ፣ ዓይኑ ያዳነውን ያህል ገድሏል። ለማንጠግቦሽ ቢሰጡ፣ ጊደሯን ባቆመ እጅ ጠይሜም ተመትታለች። ለስንዱ ቢሰጡ፣ የሞተውን ሰው ሊክሱ ሳይሆን የራሳቸውን ጥርጣሬ ሊያጥቡ የሰጡ ይመስላቸዋል። ለራሳቸው ቢያስቀሯት ደግሞ ወተቷ በጉሮሯቸው አይወርድም። ሁሉም ተራ በተራ እውነት መሰላቸው፤ ሁሉም ተራ በተራ ግፍ መሰላቸው። እዚያው እንደቆሙ ነው።

እንግዲህ እኔ የሰማሁትን ጨረስኩ፤ ፍርዱን ለናንተ ትቻለሁ። ያየው፣ የጠበቀችው፣ የሞተውም በሚስቱ በኩል፣ ሦስቱም ፊታችሁ ቆመዋል፤ ገመዱም እጃችሁ ላይ ነው። ዛጎል ለማን ትገባለች? የቀሩትንስ ሁለቱን ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ?